ዘሩን ሳይንስ ይሠራዋል፣ ዋጋውን ገዢ ይቆርጠዋል

በሽታና ድርቅ እንዲቋቋሙ የተሠሩ ሰብሎች ገበያ ላይ ምን ገጠማቸው?

በሽታ የማይጥለው፣ ድርቅ የማያጠወልገው ዘር ተገኘ ሲባል መጀመሪያ ደስ የሚለው ገበሬው ነው። ነጋዴውም ቢሆን ከደስታው ተካፋይ መሆኑ አይቀርም። ምርት ካልተቋረጠ አቅርቦት አይቋረጥም፤ አቅርቦት ካልተቋረጠ የተፈረመ ውል አይፈርስም፤ ለመጋዘንና ለማጓጓዣ የወጣው ገንዘብም ሜዳ ላይ አይቀርም። የዘረ መል ምሕንድስና የሚባለው ሙያ ለገበያ ያቀረበው ተስፋ በአጭሩ ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ካለፉት ሠላሳ ዓመታት የንግድ ታሪክ እንደሚታየው፣ ማሳ ላይ በሽታን ያሸነፈ ዘር ወደብ ላይ ሊሸነፍ ይችላል። ሳይንቲስቱ ሥራውን በሚገባ ሠርቶ፣ መንግሥት ፈቅዶ፣ ገበሬው ዘርቶና አምርቶ ሳለ፣ ባሕር ማዶ ያለ ገዢ «አልቀበልም» ካለ ፍሬው ዋጋ ያጣል። በዚህ ረገድ የሃዋይ ፓፓያና የአርጀንቲና ስንዴ ለነጋዴና ለባለሀብት ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣሉ። አንደኛው የበሽታ፣ ሁለተኛው የድርቅ ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፑና ሲጠቃ

ሃዋይ በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል የምትገኝ የአሜሪካ ግዛት ስትሆን ፓፓያ ከታወቁት የፍራፍሬ ምርቶቿ አንዱ ነው። ፍሬው በዋናው የአሜሪካ ምድርና በጃፓን ሲሸጥ ኖሯል። በ1940ዎቹ ግን ኦአሁ በተባለችው ደሴት አንድ ቫይረስ የፓፓያ ዛፎችን ማጥቃት ጀመረ። በፍሬው ላይ ቀለበት የመሰለ ነቁጥ ስለሚያወጣ የፓፓያ ቀለበት ነቁጥ ቫይረስ ተብሎ ይጠራል። የያዘው ዛፍ ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ ዕድገቱ ይቀጭጫል፣ ፍሬውም እያነሰ ይሄዳል።

ቫይረሱን ከዛፍ ወደ ዛፍ የምታደርሰው ክሽክሽ የምትባለዋ ትንሽ ነፍሳት ናት። አንዱን ዛፍ ቀምሳ ሌላውን ለመበከል ጥቂት ጊዜ ስለሚበቃት ፀረ ተባይ መርጨቱ እምብዛም አይረዳም። መድኃኒቱ ነፍሳቷን እስኪገድል ድረስ በሽታው ተሻግሯል። የተያዘን ዛፍ የሚፈውስ መድኃኒትም የለም።

አምራቾቹ ያላቸው አማራጭ መሸሽ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ የፓፓያ እርሻ ከኦአሁ ወጥቶ ሃዋይ ደሴት ላይ ወደሚገኘው ፑና ወረዳ ተዛወረ። ፑና ለሠላሳ ዓመታት ያህል ከቫይረሱ ነፃ ሆኖ ቆየ። በ1992 ከግዛቲቱ የፓፓያ ምርት 95 በመቶ ያህሉ የሚገኘው ከዚሁ አንድ ወረዳ ነበር። በንግድ ቋንቋ ሲነገር፣ እንቁላሉ ሁሉ በአንድ ቅርጫት ገብቶ ነበር ማለት ነው። በዚያ ላይ ቫይረሱ ከፑና 30 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ሂሎ ከተማ በ1970ዎቹ ታይቷል። አደጋው በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

የተፈራው በግንቦት 1992 ደረሰ። ቫይረሱ ፑና ውስጥ ተገኘ። የግዛቲቱ እርሻ መሥሪያ ቤት የታመሙትን ዛፎች እያስቆረጠ ሊገታው ቢሞክርም በ1994 የቆረጣው ዘመቻ እንዳልተሳካ ታመነ። በ1992 ወደ 240 ሺህ ኩንታል የነበረው የፑና ምርት በ1998 ወደ 121 ሺህ ኩንታል ወረደ። በስድስት ዓመት ውስጥ የወረዳው ምርት በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ብዙ እርሻዎች ተዘጉ፤ ለፓፓያ ማሸጊያ ቤት ሥራ የሚያቀርብ ማሳም ተመናመነ።

ከበሽታው የተወሰደ መከላከያ

በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ዴኒስ ጎንሳልቭስ የሃዋይ ተወላጅ ናቸው። በሽታው ፑና ከመድረሱ አሥር ዓመት በላይ አስቀድመው በዚሁ ቫይረስ ላይ ምርምር ጀምረዋል። መጀመሪያ የሞከሩት ዘዴ ከሰው ክትባት ጋር የሚመሳሰል ነበር፤ የተዳከመውን የቫይረስ ዓይነት ችግኙ ላይ መቀባት። ዘዴው በሃዋይ ፓፓያ ላይ አጥጋቢ ውጤት አላመጣም።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ምርምሩ ወደ ዘረ መል ዞረ። ከሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ሪቻርድ ማንሻርድትና ሞሪን ፊች፣ ከአፕጆን ኩባንያ ደግሞ ጄሪ ስላይቶም አብረው ሠሩ። ሐሳቡ ቫይረሱ ከሚለብሰው የፕሮቲን ሽፋን የሽፋኑን ዘረ መል ወስዶ ፓፓያው ውስጥ ማስገባት ነው። ዘረ መሉ እጅግ በደቀቁ የብረት ቅንጣቶች ላይ ይለጠፍና የዘረ መል ጠመንጃ በሚባል መሣሪያ ወደ ፓፓያው ሕዋሳት ይተኮሳል። ከተተኮሰባቸው ሕዋሳት መካከል ዘረ መሉን የተቀበሉት ተለይተው ችግኝ እስኪሆኑ ድረስ በላቦራቶሪ ያድጋሉ።

ለመሆኑ ይህ እንዴት ይከላከላል? ነገሩ የተፈላጊ ወንበዴ ፎቶግራፍ በየኬላው እንደ መለጠፍ ነው። ዛፉ የቫይረሱን መልክ አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ያንኑ መልክ የያዘ ቫይረስ ሲገባ የሚባዛበትን መልእክት ቆራርጦ ያጠፋዋል። ቫይረሱ መራባት ካልቻለ በሽታ የለም።

የፎቶግራፉ ምሳሌ የዘዴውን ድክመትም ያሳያል። ፎቶግራፉ የሃዋይ ቫይረስ ነው። በታይላንድና በታይዋን ያለው የዚሁ ቫይረስ ዓይነት መልኩ በመጠኑ ስለሚለይ የሃዋይ ፓፓያ በደንብ አይከላከለውም። ስለዚህ በአንድ አገር የሠራ ዘር በኮንቴይነር ተጭኖ ሄዶ ሌላ አገር እኩል ይሠራል ማለት አይደለም። ዘር አስመጣለሁ የሚል ባለሀብት ይህን ነጥብ ልብ ሊለው ይገባል።

በሽታ የማይደፍረው የመጀመሪያው ዓይነት ሰንአፕ ተባለ። ሥጋው ቀይ ነው። የፑና ገበሬና ደንበኛው የለመዱት ግን ካፖሆ የተባለውን ሥጋው ቢጫ የሆነ ፓፓያ ነበር። ተመራማሪዎቹ ገበያውን አልናቁትም፤ ሰንአፕን ከካፖሆ ጋር አዳቅለው ሬይንቦ የተባለውን ሥጋው ቢጫ የሆነ ዲቃላ አወጡ። በ1995 ፑና ውስጥ በተደረገው የማሳ ሙከራ ሬይንቦ በዓመት በሄክታር ከ1,000 ኩንታል በላይ ለገበያ የሚሆን ፍሬ ሲሰጥ፣ አጠገቡ የተተከለው ያልተለወጠ ፓፓያ ግን በቫይረሱ ተመትቶ 60 ኩንታል እንኳ አልሞላም።

ፈቃድ ሌላ፣ የፈጠራ መብት ሌላ

የዘሩ ውጤት ከታወቀ በኋላም ወደ ገበያ ለመውጣት ሦስት ዓመት ወስዷል። ፓፓያው በሦስት የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች በኩል ማለፍ ነበረበት። የእርሻ መሥሪያ ቤቱ በ1996፣ የአካባቢ ጥበቃና የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤቶች ደግሞ በ1997 መንገዱን ከፈቱ። ለምግብ ደኅንነት በተደረገው ምርመራ ከታዩት ነገሮች አንዱ፣ በበሽታው የተያዘ ፓፓያ የበላ ሰው ሁሉ የቫይረሱን የፕሮቲን ሽፋን ከዚያ በፊትም አብሮ ሲበላ የኖረ መሆኑ ነው።

ከመንግሥት ፈቃድ በኋላ የቀረው ጉዳይ ንጹሕ የንግድ ጉዳይ ነበር። ዘሩን የሠሩት የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ቢሆኑም የተጠቀሙባቸው ዘዴዎችና ዘረ መሎች ባለቤት ነበራቸው። አስግሮው፣ ሞንሳንቶ፣ ካምቢያ ባዮሲስተምስና የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የፈጠራ መብት ይዘው ነበር። ከእነዚህ ጋር የተደራደረው የፓፓያ አምራቾች የጋራ ኮሚቴ ነው። ድርድሩ በሚያዝያ 1998 አለቀ፤ በግንቦት ወር መጀመሪያ ዘሩ ለገበሬዎች በነፃ ታደለ። በስምምነቱ መሠረት ዛፉ ለንግድ የሚተከለው በሃዋይ ብቻ ሆኖ፣ ፍሬው ግን በሚፈቀድበት አገር ሁሉ ሊሸጥ ይችላል።

ከዚህ ሁለት ቁምነገር ይገኛል። አንደኛ፣ «ዘሩ ተፈቅዷል» ማለት «ዘሩ ያለ ክፍያ ይባዛል» ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ ተነጥሎ የሚደራደር ገበሬ ወይም ነጋዴ ከአራት ባለመብቶች ጋር መወዳደር አይችልም፤ የሃዋይ አምራቾች የተጠቀሙት በማኅበር ስለቀረቡ ነው።

ውጤቱ ፈጥኖ ታየ። በ2001 የፑና ምርት ወደ 183 ሺህ ኩንታል ተመለሰ። ነገር ግን ከቀድሞው መጠን ጋር አልተስተካከለም። ምክንያቱ ከማሳው ውጭ ነበር።

የቶኪዮ በር

ጃፓን የሃዋይ ፓፓያ ዋና የውጭ ገበያ ነበረች። የአሜሪካ ፈቃድ ግን ጃፓን ውስጥ አይሠራም። ካናዳ ሬይንቦን በ2003 ተቀበለች። ጃፓን የምግብና የአካባቢ ምርመራዋን ጨርሳ በሩን የከፈተችው በታኅሣሥ 2011 ነው። በዘሩ መታደልና በጃፓን ፈቃድ መካከል 13 ዓመት ተኩል ያህል አለፈ።

በእነዚያ ዓመታት ወደ ጃፓን የሚሄደው ያልተለወጠው ካፖሆ ብቻ ነበር። አንድ የሬይንቦ ፍሬ በስሕተት ሳጥን ውስጥ ቢገባ ጭነቱ በሙሉ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ የሃዋይ እርሻ መሥሪያ ቤት ከጃፓን ጋር ተስማምቶ ምርትን ለይቶ የመጠበቅ ሥርዓት አቆመ። ለጃፓን የሚመረትበት ማሳ ቢያንስ 4.5 ሜትር ስፋት ባለው ፓፓያ በሌለበት ክፍት ቦታ ይከበባል። እያንዳንዱ ዛፍ አንድ በአንድ ይመረመራል። ከመጫኑ በፊትም ከፍሬው ናሙና ተወስዶ እንደገና ይታያል።

ምርመራው ቀላል ነበር። ተመራማሪዎቹ ዘረ መሉን ሲያስገቡ የተሳካውን ከአልተሳካው ለመለየት አንድ የምልክት ዘረ መል ጨምረው ነበር። ከተለወጠ ፓፓያ የተወሰደ ቁራጭ በተዘጋጀ ኬሚካል ሲነከር ሰማያዊ ይሆናል፤ ካልተለወጠው የተወሰደው ግን ቀለሙን አይቀይርም። ላኪው ሰማያዊ ያየ ዕለት ጭነቱ ወደ ቶኪዮ እንደማይሄድ ያውቃል።

እዚህ ላይ የሚያስገርም ነገር አለ። ካፖሆ ለጃፓን ሊመረት የቻለው በሬይንቦ ምክንያት ነው። ሰፊው መሬት በሬይንቦ ሲሸፈን በአካባቢው ያለው የቫይረስ መጠን ስለቀነሰ፣ ያልተለወጠው ፓፓያም ራቅ ተደርጎ ተተክሎ መትረፍ ቻለ። አንዱ ዕቃ ሌላውን አዳነው። ነገር ግን ለመለየት፣ ለመመርመርና ለመመዝገብ የሚወጣው ወጪ ሁሉ የተጨመረው በላኪው ሒሳብ ላይ ነው።

ጃፓን በሩን ስትከፍትም ገበያው እንደቀድሞው አልጠበቀም። በእነዚያ ዓመታት የጃፓንን መደርደሪያ የፊሊፒንስ ፓፓያ ይዞት ነበር። በተጨማሪም ሬይንቦ ሲሸጥ ዘረ መሉ የተለወጠ መሆኑ በእያንዳንዱ ፍሬ ላይ እንዲጻፍ ግዴታ ሆነ። ከገበያ የወጣ ሻጭ ፈቃድ ሲያገኝ ደንበኛውን አብሮ አያገኝም። ሬይንቦን ያቆመው የአገር ውስጥ ገበያ ነው፤ የአሜሪካ ሸማች ስለገዛው የፑና እርሻ ዳነ።

በአገር ውስጥም ሁሉም ሰው እንዳልተስማማበት መናገር ተገቢ ነው። ያለ ኬሚካልና ያለ ለውጥ እናመርታለን የሚሉ ገበሬዎች የሬይንቦ የአበባ ብናኝ ወደ ማሳቸው እየመጣ ደንበኛ እንዳያሳጣቸው ሰግተዋል። በ2010ና በ2011 ማንነታቸው ያልታወቁ ሰዎች በፑና በሺህ የሚቆጠሩ የፓፓያ ዛፎችን ቆርጠው ጥለዋል። በ2013 የሃዋይ ደሴት አስተዳደር የተለወጡ ሰብሎችን የሚከለክል ሕግ ሲያወጣ ፓፓያን ነጥሎ ከክልከላው ውጭ አድርጎታል፤ ሕጉም በኋላ በፍርድ ቤት ተሽሯል።

ድርቅ አንድ ጠላት አይደለም

በሽታን በአንድ ዘረ መል መከላከል የተቻለው ጠላቱ አንድና የታወቀ ስለሆነ ነው። ድርቅ ግን እንደዚያ አይደለም። በዘር ወቅት የሚመጣ አለ፣ በማበቢያ ወቅት የሚመጣ አለ፤ ሙቀት የተቀላቀለበት አለ፣ ጨዋማ መሬት የሚያብሰው አለ። ተክሉም በብዙ ዘረ መሎች አማካይነት ነው የሚቋቋመው። በዚህ ምክንያት ድርቅን ለመቋቋም ተሠሩ ተብለው ገበያ የወጡት ሰብሎች ጥቂት ናቸው፤ ጥቅማቸውም እንደ ፓፓያው ሃያ እጥፍ የሚባል አይደለም።

ከእነዚህ አንዱ የአርጀንቲናው ስንዴ ኤች.ቢ.4 ነው። በዶክተር ራኬል ቻን የሚመራው የአርጀንቲና ተመራማሪዎች ቡድን ከሱፍ አበባ አንድ ዘረ መል ወሰደ። ይህ ዘረ መል ሱፉ ውኃ ሲያጣ የሚሰጠውን ምላሽ የሚቆጣጠር ነው። ሥራውም ተክሉ በጥማት ጊዜ ቶሎ እንዳያረጅና ማደጉን እንዳያቆም ማድረግ ነው። ባዮሴሬስ የተባለው የአርጀንቲና ኩባንያ ዘሩን ለገበያ አዘጋጀ፤ በድርቅ ዓመት እስከ 20 በመቶ የሚደርስ የምርት ጭማሪ እንደሚሰጥም አስታወቀ።

የአርጀንቲና መንግሥት በጥቅምት 1920ዎቹ ሳይሆን በዘመናችን፣ በጥቅምት 2020 ዘሩን ሲፈቅድ አንድ ያልተለመደ ሁኔታ አስቀመጠ፤ ብራዚል ካልተቀበለችው በስተቀር ለንግድ አይዘራም አለ። ብራዚል የአርጀንቲና ስንዴ ዋና ገዢ ስትሆን፣ ወደ ውጭ ከሚሸጠው ግማሽ ያህሉን የምትወስድበት ዘመን ነበር። የአርጀንቲና እህል ላኪዎች «ገዢያችን ሳይቀበለው ከመደበኛው ስንዴ ጋር ቢቀላቀል ገበያችንን እናጣለን» በሚል ስሜት ተቃወሙ። የብራዚል ዱቄት ፋብሪካዎችም ቅሬታቸውን አሰሙ።

ብራዚል ከዚህ ስንዴ የተሠራ ዱቄት እንዲገባ በኅዳር 2021 ፈቀደች። ከዚያ በኋላ በግንቦት 2022 አርጀንቲና ዘሩ ለንግድ እንዲቀርብ ለቀቀች። በመጋቢት 2023 ብራዚል በገዛ መሬቷ እንዲዘራም ፈቀደች፤ አሜሪካ ደግሞ በ2022 ለምግብነት፣ በ2024 ለመዝራት በሩን ከፈተች። የጊዜውን ቅደም ተከተል ላስተዋለ፣ የሻጩን አገር ፈቃድ በተግባር የሰጠው የገዢው አገር ነው።

ይህ ጥንቃቄ ከባዶ የመጣ አልነበረም። ሞንሳንቶ አረም ማጥፊያ የሚቋቋም ስንዴ ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ በግንቦት 2004 ሥራውን አቁሟል። ዘሩ አልሠራም አልተባለም። የአሜሪካና የካናዳ ገበሬዎች ጃፓንና አውሮፓ አይገዙንም ብለው ስለፈሩ፣ ኩባንያው ገዢ የሌለው ዕቃ ይዞ ላለመቅረት ተወው።

«ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር»

ፍራፍሬ በቁጥር ይለያል፣ እህል ግን ይቀላቀላል። ከአውድማ እስከ መርከብ ባለው መንገድ በከረጢት፣ በመኪና፣ በመጋዘንና በማበጠሪያ ውስጥ ያልፋል። በአንዱ ቦታ የቀረ ጥቂት ፍሬ የቀጣዩን ጭነት ሊያበላሽ ይችላል።

ይህ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የአሜሪካ ሩዝ አሳይቷል። በነሐሴ 2006 በባየር ኩባንያ ተሞክሮ ለገበያ ያልተፈቀደ የሩዝ ዓይነት ከመደበኛው ረጅም ፍሬ ሩዝ ጋር ተቀላቅሎ መገኘቱ ይፋ ሆነ። ሩዙ የተሠራው ለአረም ማጥፊያ እንጂ ለበሽታ ወይም ለድርቅ አልነበረም፤ ለነጋዴው ግን ትምህርቱ አንድ ነው። አውሮፓ ያልተመረመረ ጭነት አላስገባም አለች፣ ጃፓን የአሜሪካን ረጅም ፍሬ ሩዝ አገደች፣ የሩዝ ዋጋ ወረደ። ከአምስት ዓመት ክርክር በኋላ በ2011 ባየር ለገበሬዎች እስከ 750 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ለመክፈል ተስማማ። ሩዙ ሰውን ጎድቷል ተብሎ የተከፈለ ገንዘብ አልነበረም፤ ገበያ ስለጠፋ የተከፈለ ነው።

በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት የተፈቀደ ልውጥ ሰብል እንኳ በአንድ የምግብ ንጥረ ነገር ውስጥ በአጋጣሚ ከ0.9 በመቶ በላይ ከተገኘ በመለያው ላይ መጻፍ አለበት። ያልተፈቀደ ከሆነ ደግሞ ለምግብነት አይገባም። ይህን ቁጥር የማያውቅ ደላላ ለሻጩም ለገዢውም የማይችለውን ዋስትና ይሰጣል።

የአገር ቤቱ ሒሳብ

ኢትዮጵያ ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለችም። ልውጥ ሕያዋን ከአገር ወደ አገር የሚተላለፉበትን ሥርዓት የሚደነግገው የካርታጌና ፕሮቶኮል በ2000 ሲጸድቅ፣ በድርድሩ የአዳጊ አገሮችን ወገን ከመሩት መካከል ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ጎልተው ይታወቃሉ። አገሪቱ በ2001 ዓ.ም. የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655ን አወጣች። አዋጁ ጠበቅ ያለ በመሆኑ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 896 ተሻሻለ። ከማሻሻያው በኋላ በ2010 ዓ.ም. ጓይ ትል የሚቋቋሙ ሁለት የሕንድ ዲቃላ የጥጥ ዓይነቶች ተፈቀዱ። ድርቅና ተባይ እንዲቋቋም የተሠራው፣ ቴላ በሚል ስም የሚታወቀው በቆሎም በመልካሳ በታጠረ ማሳ ተሞክሯል።

ከንግድ አንፃር ሰብሎቹን በሁለት መደብ ከፍሎ ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው ገዢው አገር ውስጥ ያለ ነው። እንሰት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። የእንሰት አጠውልግ በሽታን የሚያመጣው ባክቴሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው በ1968 ከኢትዮጵያ ነው። በ2001 ዑጋንዳ ውስጥ ሙዝን ማጥቃት ጀመረ። በዚያ አገር ከቃሪያ ዘመድ ከሆነ ጣፋጭ በርበሬ የተወሰዱ ዘረ መሎች ሙዝ ላይ ተሞክረው በማሳ ጥሩ ውጤት አሳይተዋል፤ ዘዴውን ወደ እንሰት ለማምጣትም ምርምር ተጀምሯል። ቆጮና ቡላ በአብዛኛው እዚሁ የሚበሉ በመሆናቸው የዚህ ዘር ዕጣ የሚወሰነው በአገሩ ሕግ፣ በአምራቹና በበላተኛው እንጂ በቶኪዮ አይደለም።

ሁለተኛው መደብ ገዢው ባሕር ማዶ ያለ ሰብል ነው። ቡናና ሰሊጥ ከዚህ ይመደባሉ። ጃፓን ምን ያህል ጥብቅ ገዢ እንደሆነች የቡና ላኪዎች በ2008 አይተዋል፤ በኢትዮጵያ ቡና ውስጥ የፀረ ተባይ ቅሪት ተገኘ ተብሎ ወደዚያ የሚላከው መጠን በእጅጉ ቀንሶ ነበር። ለእንዲህ ዓይነት ገዢ የሚመረት ሰብል ላይ ዘሩን ከመለወጥ በፊት ሌላ መንገድ መኖሩን መመርመር ያስፈልጋል። የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ ሲታይ የጅማ ተመራማሪዎች ከራሱ ከአገሩ ቡና መካከል በሽታውን የሚቋቋሙትን መርጠው ለገበሬው አድለዋል። የብዝኀ ሕይወት ሀብት ባለበት አገር ይህ ርካሹ መንገድ ነው፤ የውጭ ገዢም ጥያቄ አያነሳበትም።

ከመዋዋል በፊት

በአጠቃላይ በሽታ ወይም ድርቅ የሚቋቋም ልውጥ ዘር ላይ ገንዘቡን ሊያውል የሚያስብ ነጋዴ፣ ደላላ ወይም ባለሀብት ከላይ ከተዘረዘሩት ታሪኮች የሚወስዳቸው ጥያቄዎች አምስት ናቸው።

አንደኛ፣ የመጨረሻው ገዢ ማን ነው? አገሩስ ይህን ዘር በስሙ ፈቅዷል ወይስ አልፈቀደም? የሻጭ አገር ፈቃድ ለገዢ አገር አይሠራም።

ሁለተኛ፣ ዘሩ የተሞከረው የት ነው? የሃዋይ ፓፓያ የታይላንድን ቫይረስ በደንብ እንዳልተከላከለ ሁሉ፣ በሌላ አገር የተመሰከረለት ዘር እዚህ ባለው በሽታና አየር መታየት አለበት።

ሦስተኛ፣ የፈጠራ መብቱ የማን ነው? ክፍያው በየዓመቱ ነው ወይስ አንዴ? ዘሩን ለከርሞ ማስቀረት ይፈቀዳል?

አራተኛ፣ መለያየቱን ማን ይከፍላል? መጋዘኑ፣ ከረጢቱ፣ ምርመራውና ሰነዱ ወጪ አላቸው። በውሉ ላይ ካልተጻፈ ወጪው የሚወድቀው ዕቃው በእጁ ላይ ባለው ሰው ላይ ነው።

አምስተኛ፣ ፈቃዱ እስኪመጣ ድረስ ሻጩ በምን ይቆያል? የፑና ገበሬዎች 13 ዓመት የጠበቁት የአገራቸው ገበያ ስለያዛቸው ነው። እንዲህ ያለ ማረፊያ የሌለው ነጋዴ ዘሩ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ የካፖሆ ላኪዎች እንዳደረጉት የገዢው ፈቃድ ያለውን ዕቃ ለይቶ መያዙ ይሻለዋል።